አባቴ ልብ ውስጥ «የተጨፈለቀ ስቴንት» አለ ተባልን

የኮቺ ልጅ
ሰኞ፣ ማታ 3:10

ሰላም ለሁላችሁ። ጽሑፉ ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

አባቴ 67 ዓመቱ ነው። ዕድሜውን ሙሉ በአጋሮና በጅማ መካከል ቡና ሲያመላልስ የኖረ ሰው ነው። ስኳርም ግፊትም አለበት። ባለፉት ወራት ከፈረንጅ አራዳ ወደ ቤት በእግሩ ሲመጣ መሃል መንገድ ላይ ደረቱን ይዞ ይቆም ነበር። «ጨጓራዬ ነው» እያለ አለፈው። አንድ ቀን ከሱብሂ ሶላት በኋላ ላብ አጠመቀው፣ ግራ እጁ ደነዘዘ። እዚሁ ጅማ ኢሲጂ ተነሣ፣ ኤኮ ታየ። የልብ ደም ስሩ ተዘግቷል ተባለ። ለስቴንት፣ ማለትም ደም ስሩን ከፍታ ለምትይዝ ትንሽ የብረት ወንፊት ቱቦ፣ ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ተጻፈልን።

ሆስፒታሉን አልጠራም። «አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው» ብለው ያስገቡት ሰው ከሦስት ሰዓት በላይ ቆየ። እናቴ ኮሪደሩ ላይ ተስቢሃዋን ስትቆጥር፣ እኔ በሩን በሩን ሳይ ቆየን። በመጨረሻ አንድ ሐኪም ወጣና «ትንሽ አስቸግሮን ነበር፣ አሁን ተስተካክሏል» ብሎን ሄደ። ተስተካክሏል የምትለዋን ቃል ይዘን ደስ አለን። የመውጫ ወረቀቱ ላይም የተጻፈው «ስቴንት፣ 2» ብቻ ነው።

አምስት ሳምንት አለፈ። ባለፈው ሐሙስ ጅማ ለክትትል ስንሄድ ሐኪሙ የሂደቱ ፊልም ያለበትን ሲዲ ከፍቶ አየው። ዝም ብሎ ደጋግሞ አየው። ከዚያ «አንደኛው ስቴንት ቦታው ላይ አልተነፋም። ከባሉኑ ወልቆ ነው። ግድግዳው ላይ ተጨፍልቆ ሌላ ስቴንት ተደርቦበታል» አለን።

እኛ ሰማን፣ ጎረቤትም ሰማ። ቡና ላይ ወሬው «ብረት ልቡ ውስጥ ወድቆበታል» ሆነ። አባቴ በርጩማው ላይ ቁጭ ብሎ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ይውላል። ሌሊት እናቴ ነቅታ ትንፋሹን ታዳምጣለች።

የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ። ምንድን ነው የሆነው? ጥፋት ነው ወይስ ያጋጥማል? ከአሁን በኋላስ ምን እንጠብቅ?

አዌቱ ዳር
ሰኞ፣ ማታ 3:32

አላህ ያሽርልሽ እህቴ። እኔ ግን አልደብቅሽም፣ ይህ ጥፋት ነው። ብረት ሰው ልብ ውስጥ ጥሎ «ተስተካክሏል» ብሎ መላክ ምን ይባላል? ጠበቃ አናግሩ። ሲዲውን ለማንም እንዳትሰጡ።

ሲስተር ከቦሳ
ሰኞ፣ ማታ 4:45

እህቴ፣ እኔ ነርስ ነኝ። ያደግኩት ጅማ ቦሳ ነው፣ አሁን አዲስ አበባ ካት ላብ ውስጥ፣ ስቴንት በሚገባበት ክፍል፣ እሠራለሁ። የአባትሽን ፊልም ስላላየሁ በእሱ ላይ አልፈርድም። ነገሩ እንዴት እንደሚሆን ግን ልንገርሽ።

ስቴንት ወደ ሰውነት የሚገባው ታጥፎ ነው። በፋብሪካ ትንሽ ባሉን ላይ ተጨምቆ፣ ተጣብቆ ይመጣል። ከእጅ አንጓ ወይም ከብሽሽት ደም ስር አንድ ቱቦ እናስገባለን። ቱቦው የልብ ደም ስሩ አፍ ላይ ይቆማል። በቱቦው ውስጥ 0.36 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ሽቦ ያልፍና ጠባቡን ቦታ ተሻግሮ ይተኛል። ባሉኑ ስቴንቱን ተሸክሞ በዚያ ሽቦ ላይ ይንሸራተታል። ቦታው ሲደርስ ባሉኑ ይነፋል፣ ስቴንቱ ይከፈታል። ከዚያ ባሉኑ ይሟሽሽና ይወጣል፣ ስቴንቱ እዚያው ይቀራል።

ችግሩ የሚፈጠረው መንገድ ላይ ነው። ስኳርና ግፊት ያለበት ሰው ደም ስር ውስጥ ብዙ ጊዜ ካልሲየም ይጋገራል። እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ስቴንቱ መታጠፊያው ጋ ይደርስና አላልፍም ይላል። ሐኪሙ ይገፋዋል፣ እምቢ ይላል። ልመልሰው ብሎ ሲስብ የስቴንቱ ጠርዝ ካልሲየሙ ላይ ወይም የቱቦው አፍ ላይ ይያዛል። ባሉኑ ብቻውን ይመለሳል። እኛ «ስቴንቱ ወለቀ» እንላለን።

ያን ጊዜ ክፍሉ ውስጥ የሚሆነውን ልንገርሽ። ወሬ ይቆማል። የመጀመሪያው ትእዛዝ «ሽቦውን ማንም እንዳይነካ» ነው። ሽቦው በስቴንቱ መሃል እስካለ ድረስ ስቴንቱ የትም አይሄድም፣ እንደ ዶቃ በክር ላይ ነው። ሽቦው ከወጣ ግን ደሙ ይወስደዋል። ወደ ልብ ደም ስር ጫፍ ሊሄድ ይችላል፣ ወደ እግር ወይም ወደ ጭንቅላት ሊሄድም ይችላል።

ከዚያ ማውጣት ይሞከራል። በጣም ቀጭን ባሉን በወለቀው ስቴንት ውስጥ ይታለፋል፣ ከስቴንቱ ወዲያ ይነፋል፣ ቀስ ተብሎ አብሮ ይጎተታል። ካልሆነ በሸምቀቆ ይሞከራል። ሁለተኛ ሽቦ አስገብቶ ሁለቱን ሽቦዎች እንደ ፈትል አጠማዝዞ መሳብም አለ። አንዳንዴ ስቴንቱ የወደቀበት ቦታ ለመንፋት የሚመች ከሆነ ከትንሽ ባሉን እየጀመርን በየደረጃው እያሳደግን እዚያው እንከፍተዋለን።

ይህ ሁሉ እምቢ ሲል፣ ወይም መጎተቱ ደም ስሩን ሊቀድ ነው ተብሎ ሲፈራ፣ በጎኑ ሌላ ስቴንት ይገባና የወለቀውን ከግድግዳው ጋር አጣብቆ ይጨፈልቀዋል። አባትሽ የተደረገላቸው ይህ ይመስላል። የታወቀ መውጫ ነው። የተጨፈለቀው ብረት አይንቀሳቀስም። ጊዜ ሲያልፍ የደም ስሩ ውስጠኛ ሽፋን ያድግበትና ይውጠዋል።

ሁለት ነገር ልጠይቅሽ። ከሂደቱ በኋላ ክሬቲኒን፣ የኩላሊት ምርመራውን፣ ተመርምረዋል? ሦስት ሰዓት ከፈጀ ደም ስሩ በኤክስሬይ እንዲታይ የሚሰጠው ቀለም ብዙ ገብቷል ማለት ነው፣ ቀለሙ ደግሞ ስኳር ያለበትን ኩላሊት ይጎዳል። ሁለተኛው ጀርባቸው ነው። ኤክስሬይ አንድ ቦታ ላይ ለረጅም ሰዓት ከበራ ቆዳ ከሳምንታት በኋላ ሊቀላ ይችላል። ጀርባቸውን በብርሃን እይልኝ።

አዌቱ ዳር
ሰኞ፣ ማታ 5:02

ሲስተር፣ አመሰግናለሁ፣ ትምህርት ነው። ግን «ያጋጥማል» ከተባለ ለምን አስቀድሞ አልተነገራቸውም? አንድ ሰዓት ተብሎ ሦስት ሰዓት ሲሆን ለምን አንድ ሰው ወጥቶ አላናገራቸውም? እኔ የተናደድኩት በብረቱ ብቻ አይደለም።

ሲስተር ከቦሳ
ሰኞ፣ ማታ 5:10

በዚህ ልክ ነህ ወንድሜ። ልከራከርህ አልችልም።

ባዮሜዲካል ጅሬን
ማክሰኞ፣ ጠዋት 2:20

ስለ ብረቱ ልጨምር፣ ሥራዬ ስለሆነ።

መጀመሪያ ስቴንት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1977 ዙሪክ ውስጥ አንድሪያስ ግሩንትዚግ የሚባል ሐኪም ለመጀመሪያ ጊዜ የነቃ ሰው የልብ ደም ስር በባሉን ከፈተ። ያን ባሉን የሠራው በቤቱ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ነበር። ግን ባሉን ብቻውን ሲሆን ደም ስሩ አንዳንዴ ይሰነጠቅና ወዲያው ይዘጋል። ስለዚህ በዚያ ዘመን የቀዶ ሕክምና ቡድን ተዘጋጅቶ ይጠብቅ ነበር። ስቴንት የመጣው ያን ስንጥቅ ደግፎ ለመያዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 ቱሉዝ ውስጥ ዣክ ፑኤል፣ ሎዛን ውስጥ ኡልሪክ ሲግዋርት በሰው ላይ ተከሉ።

መጀመሪያ ላይ ብዙ ሐኪሞች ስቴንቱን በጣታቸው ነበር ባሉኑ ላይ የሚጨምቁት። በዚያ ጊዜ መውለቅ የተለመደ ችግር ነበር። አሁን ፋብሪካው በማሽን ነው የሚያጣብቀው። ዛሬ ከመቶ ታካሚ አንድ እንኳ አይሞላም። አለ ግን፣ አልጠፋም።

ቅርጹን ለመረዳት ገበያ የምናየውን የቀርከሃ ቅርጫት አስቡ። ዙሪያውን የሚዞሩ ቀለበቶች አሉ፣ ቀለበቶቹን እርስ በርስ የሚያያይዙ ማያያዣዎች አሉ። ስቴንትም እንዲሁ ነው። ማያያዣው ሲበዛ ጠንካራ ይሆናል ግን መታጠፊያ ላይ አይታዘዝም። ማያያዣው ሲያንስ እንደ ልብ ይታጠፋል፣ ግን ከጫፉ ሲገፋ እንደ አኮርዲዮን ይሰበሰባል። እ.ኤ.አ. ከ2011 ገደማ ጀምሮ ሐኪሞች ስለዚህ መሰብሰብ ብዙ መጻፍ ጀመሩ። በደንብ የተከፈተ ስቴንት ውስጥ ሌላ ባሉን ወይም የውስጥ ካሜራ ሊያሳልፉ ሲሉ ጠርዙን ይነካና ያጥፈዋል። ቱቦው ራሱ ወደ ውስጥ ዘልቆ የሚገፋበት ጊዜም አለ።

ብረቱም ቀጥኗል። የመጀመሪያው መድኃኒት የተቀባ ስቴንት የብረቱ ውፍረት 0.14 ሚሊ ሜትር ነበር። የአሁኖቹ ከ0.06 እስከ 0.08 ይደርሳሉ፣ አብዛኞቹ የኮባልትና የክሮሚየም ቅይጥ ናቸው። ቀጭን መሆኑ ለደም ስሩ ይሻላል፣ ቶሎ ይሸፈናል። ግን ቀጭን ብረት በኤክስሬይ በደንብ አይታይም። ወልቆ የት እንደሄደ መፈለግ የሚከብደው ለዚህ ነው።

መሰበርም አለ። ልብ በቀን መቶ ሺህ ጊዜ ገደማ ይመታል። በተለይ የቀኙ የልብ ደም ስር በእያንዳንዱ ምት ይታጠፋል። ረጅም ስቴንት እዚያ መታጠፊያ ላይ ካለ ከዓመታት በኋላ ሊሰበር ይችላል። ሽቦን በእጅ እያጠፍን እየዘረጋን ስንቆርጥ እንደሚሆነው ማለት ነው።

የኮቺ ልጅ
ማክሰኞ፣ ጠዋት 3:05

የአባቴም በቀኙ ደም ስር ነው። ሐኪሙ ሲዲው ላይ ያሳየኝ እንደ መንጠቆ የታጠፈ ቦታ ነበር።

ሲስተር፣ ክሬቲኒን በወጣ በሳምንቱ እዚህ ጅማ አሠርተናል፣ ደህና ነው ተብሏል፣ አልሃምዱሊላህ። ጀርባውን ግን ማንም አላየም። ዛሬ አያለሁ።

የሰርቦዋ
ማክሰኞ፣ ከሰዓት 8:15

የእናቴን ልንገርሽ፣ ሊጠቅምሽ ይችላል።

አምስት ዓመት ይሆነዋል። ለእናቴም ስቴንት ሲያስገቡ ባሉኑ ሲነፋ ደም ስሩ ተቀደደ። ደሙ ወጥቶ በልቧና በልቧ ሽፋን መካከል ተጠራቀመ። ልቧ ታፈነ፣ ግፊቷ 60 ገባ። እኔ ያን ሰዓት ውጪ ሻይ እየጠጣሁ ነበር። ምንም አላወቅኩም።

በኋላ የሰማሁት ይህን ነው። ሐኪሙ ባሉኑን ወዲያው መልሶ ቀዳዳው ላይ ነፋው። እንደ ውሃ ቧንቧ በጣት እንደመድፈን ነው። ሌላኛው ሐኪም ከደረቷ አጥንት በታች መርፌ አስገብቶ የተጠራቀመውን ደም ቀዳ። ደም እንዳይረጋ የሰጧት መድኃኒት እንዲረክስ ሌላ መድኃኒት ሰጧት። ከዚያ ልባስ ያለው ስቴንት አምጥተው ቀዳዳውን ከውስጥ ሸፈኑት።

ላወራሽ የፈለግኩት ግን ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። ሐኪሙ ጭንብሉ በላብ እንደራሰ ወጣ። ከጎኔ ወንበር ላይ ተቀመጠ። የመድኃኒት ማዘዣ ወረቀት አውጥቶ ሥዕል ሣለልኝ። «ደም ስሯ ይህ ነው። እዚህ ጋ ተቀደደብኝ። እንዲህ አድርገን ዘጋነው። ዛሬ ሌሊት በጣም እንፈራለን፣ ነገ ጠዋት ትንሽ እንፈራለን» አለኝ። «ተቀደደብኝ» ነው ያለው፣ «ተቀደደ» አላለም። ሌሊቱን አልተኛሁም፣ ግን አእምሮዬ አልተበጠበጠም። ምን እንደምጠብቅ አውቅ ነበር።

እናቴ አሁን 71 ዓመቷ ነው። ጠዋት ቡና አፍልታ ሦስተኛውን ሳትጠጣ አትነሣም። ወረቀቱ ቁም ሣጥን ውስጥ አለ። አባትሽን የጎዳቸው ከብረቱ ይልቅ ያ ወረቀት አለመኖሩ ነው ብዬ አስባለሁ። ሄደሽ ጠይቂ። የሂደቱን ሙሉ ሪፖርት ጠይቂ፣ ሲዲው ብቻ አይበቃም።

ሐኪም ከሂርማታ
ማክሰኞ፣ ማታ 2:30

የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ። ስቴንት የምተክል አይደለሁም፣ ግን የተተከለላቸውን በየቀኑ አያለሁ።

«ጥፋት ነው ወይ» ለሚለው ሐቀኛ መልስ ልስጥ። መውለቁ ብቻውን ጥፋትን አያሳይም። የሚጠየቀው ከመውለቁ በፊት ያለው ነው። መንገዱ ተጠርጓል ወይ?

ካልሲየም ያለበት ደም ስር ላይ ስቴንት በቀጥታ አይገፋም። መጀመሪያ በባሉን ይከፈታል። ባሉን ካልከፈተው የአልማዝ ብናኝ በተለበጠ፣ በደቂቃ 150 ሺህ ጊዜ ገደማ በሚሽከረከር ጫፍ ይፋቃል። ሌላም መንገድ መጥቷል፤ ለኩላሊት ጠጠር እንደሚደረገው በድምፅ ሞገድ ካልሲየሙን ከውስጥ ይሰነጣጥቁታል። ባሉኑ ያልከፈተውን ድንጋይ ስቴንት አይከፍተውም። እንዲያውም የከፋው ነገር ስቴንቱ በግድ አልፎ ግማሽ ተከፍቶ መቅረቱ ነው። ባሉኑ 12፣ 16፣ አንዳንዴም ከ20 በላይ አትሞስፌር ይነፋል። የቤት መኪና ጎማ ሁለት ከግማሽ ገደማ ነው። ያ ሁሉ ግፊት ካልሲየሙን ካልሰበረው ስቴንቱ እንደታነቀ ይቀራል። በደንብ ያልተከፈተ ስቴንት ደግሞ ደም ይረጋበታል። መውለቅ በዓይን ስለሚታይ ያስደነግጣል። በደንብ አለመከፈት ግን ድምፅ የለውም። ብዙ ሰው የሚጎዳው በዚህኛው ይመስለኛል።

ለዚህ ነው ከውስጥ የሚያይ ካሜራ የሚያስፈልገው። አንዱ በድምፅ፣ አንዱ በብርሃን ይሠራል። ከውጭ በኤክስሬይ የተከፈተ የሚመስል ስቴንት ከውስጥ ሲታይ ግድግዳውን ሳይነካ ተንጠልጥሎ ሊገኝ ይችላል። ጫፉ ላይ ስንጥቅ ሊኖር ይችላል። ግን መሣሪያው ውድ ነው፣ በውጭ ምንዛሪ ነው የሚመጣው፣ የሚጣል ዕቃ አለው። በእጁ የሌለውን መሣሪያ ሐኪሙ ለምን አልተጠቀመም ማለት ይከብደኛል።

ስለዚህ ሪፖርቱን ስታገኚ እነዚህን ፈልጊ። ስቴንቱ ከመግባቱ በፊት በባሉን ተከፍቷል ወይ? ለማውጣት ምን ምን ተሞከረ? የመጨረሻው ስቴንት ስፋትና ርዝመት ስንት ነው? በመጨረሻ የደም ፍሰቱ እንዴት ነበር? «ቲሚ 3» የሚል ካለ ደሙ በሙሉ ፍጥነት እየሄደ ነው ማለት ነው።

አለመንገርን በተመለከተ ግን ሰበብ አላቀርብም። ቤተሰቡ ማወቅ ነበረበት። የሚከታተለው ሐኪምም ማወቅ ነበረበት። እዚህ ጅማ አባትሽን ነገ በድንገተኛ የሚቀበላቸው ተረኛ ሐኪም ሦስት ንብርብር ብረት (የተጨፈለቀው ሁለት፣ አዲሱ አንድ) አንድ ቦታ ላይ እንዳለ ካላወቀ በተሳሳተ መንገድ ሊያስብ ይችላል።

መድኃኒት ቤት አጂፕ
ረቡዕ፣ ጠዋት 4:00

ማንም ያላነሣውን ላንሣ። አሁን አባታችንን የሚጠብቃቸው ኪኒኑ ነው።

አስፕሪንና ክሎፒዶግሬል ስቴንቱ ላይ ደም እንዳይረጋ አብረው ነው የሚወሰዱት። በድንገተኛ የልብ ሕመም ምክንያት ስቴንት ለገባላቸው ሰዎች ሁለቱ አብረው ብዙ ጊዜ ለ12 ወር ይታዘዛሉ፣ አስፕሪኑ ከዚያም ይቀጥላል። ብረት ተደራርቦ ላለባቸው ሐኪሙ ጊዜውን ሊያራዝመው ይችላል። ሐኪሙ ሳይል አንድ ቀን አይዘለልም። ኪኒኑ ሊያልቅ አሥር ቀን ሲቀረው ፈልጉ። ጅማ ውስጥ አንዳንዴ ይጠፋል፣ አውቀዋለሁ። «ሲገኝ እገዛለሁ» ብለው ሳምንት ባዶ የሚቀመጡ ሰዎች ወደ እኔ ይመጣሉ፣ በጣም ነው የምጨነቀው።

«ጨጓራዬ ነው» ይሉ ነበር ብለሻል። ኦሜፕራዞል የሚባለውን የጨጓራ መድኃኒት እየወሰዱ ከሆነ ለሐኪሙ ንገሩ። ክሎፒዶግሬልን ያዳክመዋል። ፓንቶፕራዞል ብዙም አይነካውም፣ በእሱ ሊቀይርላቸው ይችላል።

ረመዳን ሲመጣ ሁለቱም በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰዱ ስለሆኑ በኢፍጣር ሰዓት መውሰድ ይቻላል። መጾማቸውን ግን ከስኳራቸው ጋር ሐኪሙ ይወስን። ሌላው፣ ጫት ካለ ይቁም። ስሜታችሁን ለመንካት አይደለም፣ ከተማችንን ስለማውቅ ነው። ጫት የልብ ደም ስርን ያኮማትራል።

ሊሙ ገነት
ረቡዕ፣ ማታ 1:50

የመድኃኒት ቤቱን ጽሑፍ ሳነብ እጄ ተንቀጠቀጠ።

ታላቅ ወንድሜ ስቴንት ገብቶለት ሦስት ወሩ ነበር። ደህና ነበር፣ ማሳ ይወርድ ነበር። ጥርሱ አመመው፣ ሊያስነቅል ሄደ። አንድ ሰው «ደም የሚያቀጥን ኪኒን እየዋጥክ ጥርስ አይነቀልም፣ ለሳምንት አቁመው» አለው። ሁለቱንም አቆመ። ልቡን ያከመውን ሐኪም አልጠየቀም። እኛም አልጠየቅንም። ስልክ ቁጥሩ ካርዱ ላይ ነበር።

በአምስተኛው ቀን ሌሊት ደረቴን አለ። መኪና ለምነን ከሊሙ ወደ ጅማ ስንበር መንገድ ላይ አረፈ። ጭንቅላቱ እግሬ ላይ ነበር።

የስቴንቱ ሥራ ምንም ጉድለት አልነበረበትም አሉን። ሳይወልቅ፣ ሳይሰበር፣ በደንብ የተከፈተ ነበር። ደም ረጋበት። እህቴ፣ የአባትሽ ብረት የተጨፈለቀም ቢሆን ኪኒኑን እየወሰዱ ቤታቸው አሉ። እባክሽ ኪኒኑን አንቺ ራስሽ ቆጥረሽ ስጪያቸው።

አዌቱ ዳር
ረቡዕ፣ ማታ 2:05

ወንድሜ፣ አላህ ይዘንለት፣ እናንተንም ያጽናችሁ። ሰኞ ዕለት ቸኩዬ ነው የጻፍኩት። እህቴ፣ ጠበቃ ያልኩትን ለጊዜው ተዪው፣ መጀመሪያ ሪፖርቱን አምጪ።

ጫፍ ሰፈር
ሐሙስ፣ ጠዋት 1:30

አጭር ጥያቄ ነበረኝ። እኔም ስቴንት አለኝ፣ ለወገቤ ኤምአርአይ ታዞልኛል። ማሽኑ ብረቱን ይስበዋል የሚሉኝ አሉ።

ባዮሜዲካል ጅሬን
ሐሙስ፣ ጠዋት 2:10

አይስበውም። የልብ ስቴንት የሚሠራባቸው ቅይጦች በማግኔት የሚጎተቱ አይደሉም። ኤምአርአይ መነሣት ይቻላል። የስቴንት ካርድህን ይዘህ ሂድና ለሚያነሣህ ባለሙያ አሳየው፣ በካርዱ ላይ ያለውን ዓይነት አይቶ ማሽኑን ያስተካክላል። አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ያለው መፈተሻም አያስቸግርህም።

የኮቺ ልጅ
እሑድ፣ ማታ 2:15

ተመልሻለሁ። ሐሙስ ሌሊት 10 ሰዓት በወጣ መኪና አዲስ አበባ ገባሁ። መዝገብ ቤት መጀመሪያ «ነገ ነይ» አሉኝ። የሰርቦዋ የጻፈችውን አስታውሼ ቁጭ አልኩ። ከሰዓት ሪፖርቱን ሰጡኝ፣ አንድ ገጽ ተኩል ነው።

ሐኪም ከሂርማታ ፈልጊ ያልከኝን አንድ በአንድ ፈለግኩ። ስቴንቱ ከመግባቱ በፊት በባሉን ተከፍቷል፣ ሁለት ጊዜ። የውስጥ ካሜራ አልነበረም። ስቴንቱ መታጠፊያው ላይ እምቢ አለ፣ ሲመለስ ወለቀ፣ ሽቦው ቦታው ላይ ነበር። በትንሽ ባሉን ለማውጣት ሁለት ጊዜ ተሞከረ። ሸምቀቆም ተሞከረ። ከዚያ ሌላ ስቴንት በጎኑ ገብቶ ጨፈለቀው። የመጨረሻው መስመር ላይ «ቲሚ 3» ይላል። እዚያው ኮሪደር ላይ፣ ያን ቀን እናቴ የተቀመጠችበት ወንበር ላይ አለቀስኩ።

ሐኪሙንም አገኘሁት። አላፈረም፣ አልተቆጣም። ሪፖርቱን ይዞ ከላይ እስከ ታች አስረዳኝ። በመጨረሻ «ያን ቀን ደክሞኝ ነበር፣ ሌላ ታካሚ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ግን ይህን ያኔ ከእኔ መስማት ነበረባችሁ። ይቅርታ» አለኝ። ስልኩን ሰጠኝ። ለጅማው ሐኪማችንም ደብዳቤ ጻፈ።

ቤት ስመለስ ለአባቴ ሁሉንም ነገርኩት፣ ሲስተር በነገረችኝ ቃል። ሽቦው፣ ባሉኑ፣ መታጠፊያው። ዝም ብሎ አዳመጠ። ከዚያ «ጊቤ ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ ያለው ሾፌር ምን ያደርጋል?» አለኝ። እኔ ዝም አልኩ። «ወደ ገደሉ አይሄድም። መኪናውን ተራራው ላይ ያስጠጋል። በሩ ይጨፈለቃል፣ ሰዉ ይተርፋል» አለ። ከዚያ እናቴን ቡና እንድታፈላ ነገራት። እጁን ደረቱ ላይ አላደረገም።

የስቴንት ካርዱን በላስቲክ አድርጌ ከመታወቂያው ጋር ኪሱ ከትቼለታለሁ። የኪኒን ቀን መቁጠሪያ ግድግዳ ላይ ለጥፌአለሁ። ኦሜፕራዞል ይወስድ ነበር፣ ሐኪሙ ቀይሮለታል። የመድኃኒት ቤቱ ወንድማችን፣ አላህ ይስጥህ።

ሲስተር፣ ጀርባውን አየሁት። ከቀኝ ትከሻው አጥንት በታች መዳፌን የሚያክል የቀላ ቦታ አለ፣ ጠርዙ እንደ ተለካ ቀጥ ያለ ነው። ያሳክከኛል ይላል። እናቴ ትኋን ነው ብላ ፍራሹን ፀሐይ ላይ አውጥታዋለች። ምን ላድርግ?

ሲስተር ከቦሳ
እሑድ፣ ማታ 2:40

ትኋን አይደለም እህቴ። ቅርጹ ቀጥ ያለ ከሆነ የኤክስሬዩ ነው።

አይታከክ። ፀሐይ አይንካው። ቅባት፣ ቅጠል፣ ምንም አትቀቡት። ነገ የቆዳ ሐኪም ጋ ውሰጃቸው። ስትገቢ መጀመሪያ የምትናገሪው «ከስድስት ሳምንት በፊት ሦስት ሰዓት የፈጀ የልብ ሂደት ነበረው» የሚለውን ነው። ካልነገርሽው ምንነቱን ለማወቅ ለናሙና ሊቆርጠው ይችላል፣ ያ ቦታ ከተቆረጠ ደግሞ አይድንም ሊል ይችላል። ሪፖርቱ ላይ የጨረሩ መጠን ተጽፎ ከሆነ እሱንም አሳዪው።

አብዛኛው በራሱ ይጠፋል። ቁስል ካወጣ ግን ሳታድሪ ደውይልኝ፣ ቁጥሬን በውስጥ መስመር ልኬልሻለሁ።